ጡሩንባ ያለባት ሸክላ

እናንተዬ፣ ሰው ሳይሞትበት የሚያዝን ወንድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እዚሁ ቡሬ አይቻለሁ። ያውም ልጄን ሊያገባ ያሰፈሰፈ የአዲስ አበባ አስተማሪ! ሸክላ ማጫወቻ አለው፤ የሚያጫውተው ግን ማንም ጉዳዬ ያላላትን አንዲት ዘፈን ነው። እስክስታ አታስመታ፣ አታስጨበጭብ፤ ጡሩንባዋ ብቻ ጥጃዋ እንደሞተባት ላም ያላዝናል። እኔማ ጠረጠርሁ። የደበቀው ነገር ባይኖር እንዲህ ይተክዛል?

አንድ የገበያ ቀን መስኮቱን ከፍቶ አጫወታት። እኛ አገር ጡሩንባ የሚነፋው ሰው ሲሞት አይደል? ገበያተኛው ነጠላውን አዘቅዝቆ እያለቀሰ ደጁን ሞላው።

"ማን ሞተብህ፣ ልጄ?" አልሁት።

ያን ሁሉ አልቃሽ ሲያይ "ዘፈን ነው" ማለት አፈረ መሰለኝ፣ "አጎቴ፣ እማማ" አለኝ።

ምን ይደረግ! አልቅሰን፣ እዝን አብልተን አጽናናነው።

ትንሽ ቆይቶ ልጄን ሊያስጠይቅ ሽማግሌ ላከ። አንደኛው ካባቸውን አስተካክለው፣ "አጎቱ ነኝ፤ ያሳደግሁትም እኔው ነኝ" አሉ።

"ሌላ አጎት አለው?"

"የለውም፤ እኔ ብቻ ነኝ።"

"እንግዲያ ደግ ነው፣ ጌታዬ" አልኋቸው። "ልጅቱን መስጠት የአባቷ ነበር፤ እሳቸው ግን ከሞቱ ቆዩ። እርስዎ ከወዲያኛው ዓለም መምጣትዎ ነውና፣ ምን አሉዎት?"