ጤና ፕላኑ ውስጥ የገባች ዕለት

እናንተ ጆሯችሁን አውሱኝ፣ እኔም ተረቴን ላውሳችሁ። ከዕለታት አንድ ቀን የዱር አራዊት ከተማ ሊቆረቁሩ ሸንጎ ተቀመጡ። የከተማውን ፕላን የነደፈው ጦጣ ነበር። ለታመመ ሁሉ ሥር ቀጥቅጣ የምታጠጣው እሜት ጃርት ግን አልተጠራችም፤ ወሬውን ሰምታ ራሷ መጣች።

ፕላኑን ስታየው እሾኋ ቆመ። መጸዳጃ ቤቱ ኮረብታው አናት ላይ፣ ምንጩ ደግሞ ከሥሩ ነበር።

“ኧረ ጌታው! ዝናብ ሲመጣ እኮ ቆሻሻው ታጥቦ ምንጩ ውስጥ ነው የሚገባው!” አለች።

“እሜት፣ መኳንንቱ ሲቀመጡ ከተማውን ቁልቁል ማየት ይሻሉ” አላት ጦጣ። “ደሞ ይህ የግንባታ ሸንጎ ነው። የጤናው ሸንጎ የሚሰበሰበው በሽተኛ ሲገኝ ነው።”

ሸንጎው አጨበጨበ። ከርከሮማ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለለ።

ከተማው እንደ ፕላኑ ተሠርቶ ክረምት ገባ። ከተማውን በሙሉ ተቅማጥ ያዘው። ሚዳቋ ሁለት ግልገሎቿን ይዛ ጃርት ዘንድ መጣች። ጃርት ሥር ስትቀጠቅጥ ብትውልም ታናሹ እጇ ላይ አረፈ። እናቲቱ እንባዋን ጠርጋ፣ ለተረፈው ልጇ ውሃ ልትቀዳ ወደዚያው ምንጭ ወረደች። ሌላ ምን አላትና!

ጃርት ይህን አይታ ወደ ሸንጎው ገሰገሰች። ሸንጎው ያን ቀን የተሰበሰበው መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ፣ ተሰልፎ ነበር። ንጉሥ አንበሳ ሳይቀር ሆዱን ይዞ ተራ ይጠብቃል።

“ግልገል ሞተብን! ይህን ነገር ከምንጩ በታች አውርዱት!” ብላ ጮኸች።

“እውነቷን ነው!” አለ አንበሳ እያማጠ። “ጤና ዛሬውኑ ፕላኑ ውስጥ ትግባ!” ይህን ብሎ ወረፋውን ጥሶ ገባ።

ጦጣ ቀለሙን አነሣ። በማግስቱ ሕዝቡ ተጠርቶ አዲሱ ፕላን በእልልታ ተገለጠ። በመጸዳጃው እና በምንጩ መካከል አንዲት ጃርት ተሥላለች፤ ፈገግ ብላ።

ጃርት ሥዕሏን አየችው። “ውሃውስ?” አለች።

“እሱንም አልረሳሁም” አለ ጦጣ ደረቱን ነፍቶ። “ሰማያዊ ቀብቼዋለሁ።”

ጃርት ወደ ሚዳቋ ዞራ፣ “ነይ እቴ፣ ልጅሽን ያዢና ተሻግረን ሌላ ምንጭ እንፈልግ” አለቻት። “ላይ ያለ የጣለውን ታች ያለ ይጠጣዋል።”