ሰባት ነፍስ ያለው ሳንቃ

ማዕበል መጋለቢያ ሳንቃ መሥራት ለማንም አይሳነውም። እጅ ያለው፣ መጋዝ ያለው፣ ባሕር ያለው ሁሉ ይሠራዋል። ሳንቃ ለመሥራት ኮሚቴ ማቋቋም ግን ሥልጣኔ ይጠይቃል። መንደራችን፣ ምስጋና ለሊቀመንበሩ ለዶን ዋሽንግተን ቶማላ፣ ከሠለጠነች ቆይታለች።

ጉዳዩ የቅዱስ ጴጥሮስ ነበር። በየዓመቱ በቅዱሱ ቀን እኛና ጎረቤት መንደራችን ፑንታ ጋርሳ አንድ አንድ ጋላቢ እናወጣለን። ሁለቱ እስከ ቀዩ ተንሳፋፊ በርሜል ቀዝፈው ይዞራሉ፤ ማዕበል ጋልቦ ቀድሞ አሸዋ የረገጠ የቅዱሱን ሐውልት ለዓመት ወደ መንደሩ ይወስዳል። ቅዱሱ ፑንታ ጋርሳ በእንግድነት ከከረሙ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ዓሣውም አብሯቸው ሄዷል ይላሉ አጥማጆቻችን።

የኛ ጋላቢ ያዲራ ናት፤ ከመራመዷ በፊት መዋኘት የጀመረች ልጅ። ኮሚቴው ገና ሳንቃው ሳይታሰብ በሙሉ ድምፅ አንድ ነገር ወስኖ ነበር፦ ዘንድሮም ከተሸነፍን ጥፋቱ የያዲራ ነው፤ ቦታዋም ለዶን ዋሽንግተን የወንድም ልጅ ይሰጣል። አርቆ ማሰብ ይሏል ይኼ ነው።

የውድድሩ ደንብ ሁለት ዐረፍተ ነገር ነው። ሳንቃው በመንደሩ ሰው እጅ ይሠራ። ሳንቃው ነፍስ ይኑረው።

በእኛ ጠረፍ የሳንቃ ነፍስ የምንለው ከአፍንጫው እስከ ጭራው መሀል ለመሀል የሚገባውን ቀጭን የእንጨት ዘንግ ነው። ማዕበል ሲመታው ከወገቡ እንዳይሰበር ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። አባቶቻችን ነፍስ ያሉት ሌላ ስም ስላልመጣላቸው ይመስለኛል። ዶን ዋሽንግተን ግን ቃልን በቁሙ የሚወስዱ ሰው ናቸው።

የመጀመሪያው ስብሰባ "የሳንቃው ሆድ ከምን ይሠራ?" በሚለው ላይ በጥልቀት ተወያይቶ ወደ ወደቡ ወረደ። እዚያ ዶኛ ፊደሊና የዓሣ ሾርባ ይሸጣሉ። በረዶና ዓሣ የሚያስቀምጡበት ነጭ የፎም ሣጥን ሰው ያስተኛል።

"ዶኛ ፊደሊና፣ ሣጥንዎ ለሕዝብ ጥቅም ተፈልጓል" አሉ ዶን ዋሽንግተን።

"ዓሣዬስ?"

"ዓሣዎም የሕዝብ አካል ነው። ይታገሣል።"

"ፀሐዩ ግን የኮሚቴ አባል አይደለም፤ አይታገሥም!"

ሣጥኑ ተወሰደ። ክዳኑ በካሳ መልክ ተተወላቸው። ፎሙ ተጣብቆ፣ ተጠርቦ፣ አምሮ፣ የጀልባ ማጣበቂያ ተቀባ። ፎቶ አንሺው ካሜራውን እስኪያስተካክል ሳንቃው ድስት ውስጥ እንደገባ ቅቤ ቀልጦ መሬት ላይ ፈሰሰ። የጀልባ ማጣበቂያ ነጭ ፎም እንደሚበላ ጀልባ የጠገነ ሁሉ ያውቃል። ኮሚቴው ውስጥ ግን ጀልባ ጠጋኝ አልነበረም፤ የጥቅም ግጭት እንዳይፈጠር ተብሎ ከጅምሩ ተገልሏል።

"አያችሁ?" አሉ ዶን ዋሽንግተን ኩሬውን በጫማቸው ጫፍ እየነኩ። "ነፍስ ሳይገባለት ነው የሞተው።"

ሁለተኛው ስብሰባ ከመንደሩ ጀርባ ካለው ኮረብታ ባልሳ እንዲቆረጥ ወሰነ። ባልሳ እንጨት ይባል እንጂ ክብደቱ የወሬ ያህል ነው፤ ግንዱን አንድ ሰው በአንድ ትከሻ እያፏጨ ያወርደዋል። ኮሚቴው ለአንድ ሳምንት ያህል ትክክል ነበር። ይህም ስሕተት በሦስተኛው ስብሰባ ታረመ።

ለነፍስነት የተመረጠው ጉአያካን ነው፤ ምስማር የሚያጎብጥ፣ ውሃ ውስጥ ሲጥሉት ስንብት ሳይጠይቅ የሚወርድ እንጨት። አንድ ቀጭን ዘንግ ቢሆን ባልሳው ባልከፋው። ነገር ግን ስብሰባው መሀል ወሬ ደረሰ፤ የፑንታ ጋርሳ ሳንቃ ሁለት ነፍስ አለው አሉ።

"ሁለት?" ዶን ዋሽንግተን ተነሡ። "እኛ ሦስት!"

"የአጥማጆች ማኅበርስ የራሱ ነፍስ አይገባውም?" አለ አንዱ።

"የእናቶች ማኅበር ከማን ያንሳል?" አለች ሌላዋ።

የእግር ኳስ ቡድናችን በሦስቱ ውስጥ ስላልተወከለ ቅሬታ አቀረበ። ባለድርሻ አካላት ሁሉ ድርሻቸውን ሲያገኙ ነፍሶቹ ስድስት ሆኑ።

"ስድስት?" አሉ ዶን ዋሽንግተን በሐዘኔታ። "ድመት እንኳ ሰባት ነፍስ አላት። እኛ ከድመት እናንሳለን?"

ከድመት ማነስ የፈለገ አልነበረም። ጸደቀ።

ያዲራ ከኋላ እጇን አወጣች። "ዶን ዋሽንግተን፣ ባልሳው በየት በኩል ይገባል?"

"የቱ ባልሳ?"

"ሳንቃው የሚሠራበት።"

"አንቺ ልጅ፣ ነፍስ ከሥጋ ትበልጣለች። አባን ጠይቂ!"

አባ አኒሴቶ የሁለቱም መንደሮች ቄስና የውድድሩ ዳኛ ናቸው፤ ስለሆነም ሁለቱም ወገን እኩል ያማቸዋል። ስብሰባውን ባርከው ካንቀላፉበት አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። "ትበልጣለች ልጄ። ስለ መንሳፈፍ ግን መጽሐፉ የሚለው የለም።"

ሳንቃው አለቀ። ለጥንቃቄ ተብሎ በላይም በታችም ሦስት ሦስት ንብርብር የፋይበር ጨርቅ ለበሰ። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንዲሉ፣ የእኛም ሳንቃ ለዘጠኝ ሰው ጌጥ ሆነ፤ በቅዱሱ ቀን ዘጠኝ ሆነው ተሸክመው እያቃሰቱ ወደ ባሕሩ አወረዱት። ያዲራ ከኋላው እንደ ቀብር ተከተለች።

የሙዚቃ ባንዱ መታ። ዶን ዋሽንግተን ንግግር አደረጉ። "ዛሬ ታሪክ በውሃ ላይ ይሄዳል!" አሉ። ያዲራ ውሃው ወገቧ ሲደርስ ሳንቃው ላይ ተጋደመች፤ ዘጠኙ ሰዎች ለቀቁት።

ሳንቃው ከሰባቱም ነፍሱ ጋር ወረደ። አልተንገዳገደም፣ አላመነታም። ያዲራ ባዶ እጇን ብቅ ስትል ባንዱ ገና እየመታ ነበር።

የፑንታ ጋርሳው ጋላቢ ቀዩ በርሜል ጋ ሊደርስ ነው። ዶን ዋሽንግተን ወደ ያዲራ ጣታቸውን ቀሰሩ። "ይኸው! ብለን ነበር! ወስነን ነበር እኮ!"

"ያዲራ! ነይ ወዲህ!" የሚል ድምፅ ከሾርባው ቤት መጣ። ዶኛ ፊደሊና ተመጋቢዎቹን እያስነሡ ነው። "ሳህናችሁን አንሡ! አንሡ ብያለሁ! አንተ ሰውዬ፣ ቆመህ ብላ!"

ይበሉበት የነበረው ገበታ ሌላ ሳይሆን ያ የሣጥኑ ክዳን ኖሯል። ዶኛ ፊደሊና ኮሚቴው አንድ ቀን ለእሱም እንደሚመጣ አውቀው፣ አሮጌ ባለአበባ አንሶላ በእንጨት ሙጫ ደራርበው አልብሰውት፣ ደርቆ ጠንክሮ ገበታ ሆኖ ተደብቋል። ሙጫው ፎሙን አልበላውም። አንሶላውም ክዳኑን እንደ ቆዳ ይዞታል።

ያዲራ በብብቷ ይዛው ሮጠች። ክዳኑ ላይ ሆዷን አስደግፋ በሁለት እጇ ቀዘፈች፣ በርሜሉን ዞረች። የፑንታ ጋርሳው ልጅ ጥሩ ማዕበል ሲያማርጥ ቆይቶ ሊነሣ ሲል አንድ ባለአበባ ገበታ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተ በአጠገቡ አለፈ። ሳቀ። ሲስቅ ወደቀ። ያዲራ አሸዋውን ነካች።

የፑንታ ጋርሳ ሊቀመንበር እየጮኸ መጣ። "ይኼ ክዳን ነው! ነፍሱ የታለ? ደንብ ይከበር! ነፍሱ የታለ?"

ሁሉም ወደ ዶን ዋሽንግተን ዞረ። በነፍስ ጉዳይ ከእሳቸው በላይ የተናገረ የለምና።

"ነፍስ…" አሉ ዶን ዋሽንግተን ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ነፍስ በጥልቀት ሲታይ ያን ያህል አስፈላጊ ነገር አይደለም።"

አባ አኒሴቶ ክዳኑን አንኳኩ። ቀጥሎ ውሃ የሚንጠባጠብባትን ያዲራን አዩ።

"ይህች ልጅ ላዩ ላይ ነበረች?"

"ነበረች።"

"በሕይወት?"

"በሕይወት፣ አባ።"

"እንግዲያው አንድ ነፍስ ነበረው። ቅዱሱን አንሡ።"

ቅዱስ ጴጥሮስ በትከሻችን ወደ ቤታቸው ገቡ። ኮሚቴው ሽንፈቱን አስቀድሞ ለያዲራ መድቦ ነበር፤ ድሉ ግን ያልተመደበ ስለነበር ለራሱ ወሰደው። በማግስቱም ተሞክሮ ለመቀመር ስብሰባ ተጠራ። ክዳኑ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ።

"ወገኖቼ" አሉ ዶን ዋሽንግተን፣ "ክዳኑ በአንዲት ነፍስ ብቻ ይህን ያህል ከሄደ፣ በሰባት ነፍስ የት አይደርስም? ለከርሞ ሰባት ሰው ይሳፈርበት!"

ጭብጨባው ጣሪያውን ነቀነቀው።

ያዲራ ተነሣች። "በጣም ጥሩ ነው ዶን ዋሽንግተን። ስድስቱን እኛ እንሞላለን። ሰባተኛው፣ ከፊት ከአፍንጫው ላይ፣ ሊቀመንበራችን ይሁኑልን።"

በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ዶን ዋሽንግተን በመስኮቱ ባሕሩን አዩ፤ ክዳኑንም አዩ። ከዚያ ኮሚቴው ከተቋቋመ ጀምሮ አንድም አባል አንሥቶት የማያውቀውን ጥያቄ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ አነሡ።

"ለመሆኑ… ይሄ ነገር ይንሳፈፋል?"