እትዬ አስካለ ያላሳጠቡት ፊልም

ዘንድሮ ፎቶ ያልተነሣ ፍጥረት የለም። እኛ ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፣ ለገበያ የወጣ ግመል እንኳ ገና ሳይሸጥ ምስሉ ናይሮቢ ደርሷል። ይህን ሁሉ እያነሣን መልሶ የሚያይ ግን ጠፋ። እርስዎስ ያለፈው ሳምንት ያነሡትን ዞር ብለው አይተውታል? ተዉት፣ አላስጨንቅዎትም።

ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ አንዲት ፎቶ እንደናፈቁ ኖረዋል። ማንያታ ሰፈር ሻይ ቤት አላቸው። አንድያ ልጃቸውን ሰናይትን በልጅነቷ ወባ ነጠቀቻቸው፤ መልኳ የቀረበት ምስል የለም። ሟች ባለቤታቸው የገዙት አንድ ካሜራ ነበር፤ ፊልሙ ከነቀፎው ገጭ ብሎ የሚገባበት፣ የብርሃኑን ልክ ራሱ የሚያውቅ፣ ከሰው መጫን ብቻ የሚፈልግ። ፊልሙ ሳያልቅ ልጅቷ ሞተች። እትዬም ማሳጠቡን ፈሩት።

«ባትኖርበትስ?» ይሉ ነበር።

ዘንድሮ ዓይናቸው ሲደክም ግን አስጠሩኝ። «አንተ ልጅ፣ ጨርሶ ሳይጠፋብኝ አሳጥብልኝ።»

ናይሮቢ ያለው ፎቶ አጣቢ ፊልሙን አገላብጦ አየና «ፖሌ» አለኝ። እግሩን እንቅፋት ለመታውም ሰው ለሞተበትም የሚባል የስዋሂሊ ማጽናኛ ነው። ቢሆንም ልሞክር አለ። እኔ በልቤ «ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ» ብዬ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ፊልም አንዲት ፎቶ ወጣች። ቡናማ ጭጋግ ውስጥ የምትስቅ ልጅ። እስከ ሞያሌ ድረስ እንደ እንቁላል ተጠንቅቄ አመጣኋት።

እትዬ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ ቆዩ።

«የኔ ልጅ አይደለችም» አሉ በመጨረሻ። «ይቺ ሐሊማ ናት።»

ሐሊማ የሰናይት አብሮ አደግ ናት፤ ዛሬ የልጅ ልጅ አይታ እዚያው ሰፈር ጨርቅ ትሸጣለች። አስጠራናት። ፎቶውን አይታ ቁጭ አለች።

«ዋላሂ እኔ ነኝ! እማማ፣ ያነሣችኝ እኮ ሰኒ ናት! ካሜራውን ከአባቷ ደብቃ አምጥታው፣ በሩ ላይ አቁማኝ።»

እትዬ ፎቶውን መልሰው ተቀበሏት። አሁን የሚያዩት ልጃቸው ቆማ ያየችውን ነበር።

«ምን ብላ ነው እንዲህ ያሳቀችሽ?»

ሐሊማ ወደ ፎቶው ጎንበስ ብላ «እርስዎን እየቀዳች ነበር» አለች። «‹ሐሊማ፣ ጫማሽን አውልቀሽ ግቢ!› እያለች፣ ልክ በእርስዎ ድምፅ።»

እትዬ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «እሷው ናት! እሷው ራሷ ናት!»

ስንወጣ ሐሊማን «እውነትሽን ነው?» አልኳት።

«የት አስታውሼው!» አለች ነጠላ ጫማዋን እያጠለቀች። «እማማ ግን እስከ ዛሬም ‹ጫማሽን አውልቀሽ ግቢ› ነው የሚሉኝ።»