ፎርኔሎ የሌለበት ቀበሌ

ሰው ያለውን ሲቆጥብ አይቻለሁ። የሌለውን ሲቆጥብ ያየሁት ግን እዚሁ ጎንደር ነው፣ በደርግ ጊዜ፣ በእኛው ቀበሌ። የዚያን ዘመን መብራት ጠባዩ የሹመኛ ነበር። ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል፣ የት ነበርክ ብሎ የሚጠይቀው የለም። የከተማው ጀነሬተር ሲያስነጥሰው ፒያሳ ይጨልማል፣ ሲያስለው እስከ አዘዞ ይጠፋል። እና ይህንኑ መብራት ቆጥቡ ተባልን። እሺ ብለን ቆጠብን። በዚያ ዘመን እሺ የማይባል ነገር ነበር እንዴ?

ቁጠባውን የመራሁት ደግሞ እኔ ነኝ። አትሳቁ። ሥራዬ መዝገብ ቤት ፋይል ማመላለስ ነበር፤ ስለ ኤሌክትሪክ የማውቀው ሲነኩት እንደሚነዝር ብቻ ነው። ነገር ግን አንድ ቀን ማክሰኝት ጤፍ ልሸምት ሄጄ ከቀበሌ ስብሰባ ቀረሁ። ከስብሰባ የቀረ ሰው ሁለት ዕጣ ነበረው፤ ወይ ይተቻል፣ ወይ ይመረጣል። ሁለቱ አንድ ናቸው የሚሉም ነበሩ። ጤፌን አሸክሜ ስመለስ የኃይል ቁጠባ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆኜ ደረስኩ። በሙሉ ድምፅ ነው አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እምቢ ሊል የሚችለው ሰው ማክሰኝት ነበራ።

ሕጉ ቀላል ነው። በአንድ ቤት አንድ አምፖል። ፎርኔሎ ክልክል። ፎርኔሎ እንግዲህ ጣልያን ስሙን ትቶልን የሄደው የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። ፎርኔሎ የተገኘበት ሰው ዕቃው ይወረሳል፣ የቤቱ መስመር ይቆረጣል፣ በስብሰባ ቆሞ ራሱን ይተቻል። ታዲያ በምን እንቀቅል? በከሰል እንዳትሉ፣ ደን ጨፈጨፋችሁ ተብሎ ኬላ ላይ ይወረሳል። በእንጨትም ያው። በላምባ እንዳትሉ፣ ላምባ ወደ ቀበሌው ሱቅ የሚመጣው እንደ ዓመት በዓል ነው። ጥሬውን ብሉ ያለን ግን የለም። ያን ያህል ጨካኞች አልነበሩም።

አሁን ጉዱን ልንገራችሁ። ከቀበሌው ሁሉ ደህናው ፎርኔሎ የነበረው በሊቀመንበሩ አልጋ ሥር ነው። የባለቤቴ የጥሩወርቅ ነው። አውጥተሽ ጣይልኝ እንዳልላት አባቷ ታመውብን ነበር። አያ ጫቅሉ የዳባት ገበሬ ናቸው፤ ጨጓራቸውን ታመው ሐኪም ቤት ሰንብተው እኛ ቤት አረፉ። ሐኪሙ ሌላ እህል ከልክሏቸው የአጃ አጥሚት ብቻ፣ ትኩሱን፣ ቶሎ ቶሎ እንዲጠጡ አዘዘ። ካልሆነ አይድኑም አለ። ትኩስ አጥሚት ቶሎ ቶሎ የሚሰጥ ነገር ደግሞ ከፎርኔሎ ሌላ አልነበረንም። ከተያዝን እኔ እዋረዳለሁ፣ እሱስ ይሁን፤ ሽማግሌው ግን በምን ይድኑ? ይህን ሁሉ እያወቅሁ አንድ ቀን ፈራ ተባ እያልኩ፣ እስኪ ለጊዜው ጎረቤት እናስቀምጠው አልኳት።

«እና ያንተን ሊቀመንበርነት ነው የማሞቅላቸው?» አለችኝ ጥሩወርቅ።

ፎርኔሎው እዚያው አልጋ ሥር ቀረ። አያ ጫቅሉ ደግሞ ፎርኔሎውን ወደዱት። ሽቦው ሲቀላ አጎንብሰው አዩና ጭሱ በየት በኩል እንደሚወጣ ጠየቁኝ። ጭስ የለውም አልኳቸው። ሸጋ ነገር ነው፣ ምነው ታዲያ ከአልጋ ሥር ትሸሽጉታላችሁ አሉ። ክልክል ስለሆነ ነው አልኩ። ማነው የከለከለው አሉ። እኔ ነኝ አልኩ። ሽማግሌው፣ ልጃቸውን ለማን እንደ ዳሩ ገና ያን ቀን የተረዱ ይመስል፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና ወደ ትልቁ ስብሰባ ልለፍ። አንድ እሁድ ጠዋት ተጠራን። ለምን እሁድ ጠዋት? ቅዳሴ እንዳንሄድ ነዋ። የውይይቱ ርዕስ «የነገው ኃይላችን ከየት ይምጣ» የሚል ነበር። ለዛሬው ላምባ የሚሰለፍ ሕዝብ ስለ ነገው ሊከራከር ተሰበሰበ። ተከራካሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ የቀበሌያችን ካድሬ ነው። ምሥራቅ አውሮፓ ለኮርስ ደርሶ መጥቷል፤ ከዚያ ይዞ የተመለሰው አንድ የቆዳ ኮትና የድንጋይ ከሰል ፍቅር ነው። ሌላው ማራኪ በኩል ተከራይቶ የሚኖር የፊዚክስ መምህር ነው። እሱ የሚወደው ነፋስና ፀሐይ ነው። ደመወዙም ከዚያ የሚያልፍ ነገር አያስወድድም ነበር።

ካድሬው ጀመረ። ያየኋቸው አገሮች ሁሉ ያለፈላቸው በድንጋይ ከሰል ነው አለ። ከእግራችን ሥር ጭልጋ ላይ ተኝቶልናል፣ ቆፍረን እናወጣዋለን፣ ጎንደር በጭስ ማውጫ ብዛት ቤተ መንግሥቶቿ አይታዩም አለ። መምህሩ ተነሣ። ከሰል አንዴ ከነደደ አለቀ፣ ጭሱም ደረት ይገባል አለ። የዳባት ነፋስ ግን አያልቅም፣ ፀሐይም አታልቅም፣ ማንም አይቆፍራቸውም አለ። እውነቱን ለመናገር መምህሩ ያለው ገባኝ። ለዚህም ነው ዝም ያልኩት።

ካድሬው ፈገግ ብሎ ነፋስን በመደብ ይመረምራት ጀመር። ነፋስ አቋም የላትም አለ። ጠዋት ወደ ምሥራቅ፣ ከሰዓት ወደ ምዕራብ፤ ወላዋይ ንዑስ ከበርቴ ነች። መምህሩ፣ ፀሐይስ ለሁሉ እኩል አይደለችም ወይ አለ። ጥፋቷ እሱ ነው አለ ካድሬው። ጨቋኙንና ተጨቋኙን ሳትለይ እኩል የምታሞቅ ነገር ለአብዮታችን ምን ትፈይዳለች? አዳራሹ አጨበጨበ። መምህሩ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ፀሐይ እንዲያ በጭብጨባ ስትረታ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቀጥሎ ክርክሩ በተግባር ይረጋገጥ ተባለ። ከጭልጋ በአህያ የመጣ አንድ ጆንያ ጥቁር ድንጋይ ገባ። አዳራሹ መካከል ትልቅ ምድጃ ላይ ተከመረ። ክብሪት ተጫረ፣ እምቢ አለ። ለቀበሌው ሱቅ የመጣው ላምባ ተርከፈከፈ፣ ላምባው ነደደና አለቀ፣ ድንጋዩ እንዳለ ተቀመጠ። ከሰው የተወረሰ እንጨት መጋዘን ነበር፤ እሱ ተማገደ። የተወረሰ ከሰል ነበር፤ እሱም ተጨመረ። የመንደሩ ማገዶ ሁሉ ካለቀ በኋላ ድንጋዩ አዘነልንና መጨስ ጀመረ። መንደድ አላልኩም። ጭሱ ቢጫ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። ካድሬው እንባው በቆዳ ኮቱ ላይ እየወረደ፣ ጓዶች ውጤቱን በዓይናችሁ እያያችሁ ነው አለ። ማየት የቻለ ሰው አልነበረም። አጨበጨብን። በመጨረሻ መምህሩ እየተደናበረ ሄዶ መስኮቶቹን ከፈተና ነፋስ ገብታ አዳነችን። ያቺ ወላዋይ።

ካድሬው ተናደደ። የተናደደ ካድሬ ደግሞ ጥፋተኛ ያስፈልገዋል። ችግሩ ድንጋዩ ሳይሆን በየጓዳው ፎርኔሎ የደበቁ አድኃሪያን ናቸው አለ። ፍተሻው አሁኑኑ ይጀመር፣ ለአርአያነትም ከሊቀመንበሩ ቤት ይጀመር አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄ ለምዶብኝ ነው።

ቤቴ ከአዳራሹ ሩቅ አይደለም። ያን ቀን ግን ከዚያም ቀረበብኝ። ጥሩወርቅ ውኃ ልትቀዳ ወጥታለች። አያ ጫቅሉ ብቻቸውን አጥሚታቸውን ጥደው ይጠብቃሉ። የሰው ድምፅ ሲሰሙ ይደብቁት እንደሆነ እንጂ ማጥፋቱን አያውቁበትም። ስንገባ ፎርኔሎው የለም። ሽማግሌው አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ቡልኳቸውን ከትከሻቸው እስከ መሬት ዘርግተውታል፣ ልክ እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ። ቡልኮው ከግርጌው መለብለብ ጀምሯል። ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። የሰነፈጠው ግን እኔን ብቻ ነው፤ የቀሩት አፍንጫቸው በጭልጋ ድንጋይ ታፍኗል። የድንጋይ ከሰል ለአገራችን ከሰጠው ጥቅም እኔ በዓይኔ ያየሁት ይህንን ነው።

ካድሬው አልጋ ሥር አየ። ጓዳ ገባ፣ ወጣ። ቤቱ ሞቅ ይላል አለና እጁን አሻሸ። በቃ ተረፍን ብዬ ወደ በሩ ስመራቸው አያ ጫቅሉ አፋቸውን ከፈቱ። እግሩ ቤት የረገጠ እንግዳ እህል ሳይቀምስ አይወጣም አሉ። በዓይኔ ለመንኳቸው፣ አላዩኝም። የዳባት ገበሬ ፎርኔሎ መደበቅ ይችላል፤ እንግዳ ጦሙን መስደድ ግን አይችልም። ካድሬው ሥራ ላይ ነን አባት፣ ይቆየን አለ። ሽማግሌው «በሞቴ» አሉት። ከሐኪም ቤት በወጣ ሰው አፍ «በሞቴ» ቀልድ አይደለም። ካድሬው ተቀመጠ። እሳቸውም ቡልኳቸውን ገለጥ አድርገው የሚንተከተከውን አጥሚት አወጡና በኩባያ ቀዱለት። ከሥሩ ፎርኔሎው ቀይ ሆኖ እኛን ያየናል፣ እኛም እናየዋለን።

ካድሬው ሁለት ጊዜ ፉት ካለ በኋላ ነው ዓይኑ ሽቦው ላይ የወደቀው። ኩባያው እጁ ላይ ቀረ። በምን እንደ ፈላ ጠየቀ።

«ከጠጣኸው በኋላ ነው የምትጠይቀኝ ልጄ?» አሉ አያ ጫቅሉ። «በኛ አገር የሰው እህል ቀምሶ በዚያው ሰው ላይ የሚመሰክር የለም። ባንተ አገር ካለ ንገረኝ።»

ካድሬው ምሥራቅ አውሮፓን ቢያይም ተወልዶ ያደገው እዚያው ሽማግሌው አገር፣ ወገራ ነው። ኩባያውን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ ኮሚቴውን አየ። ኮሚቴው ኩባያ እየጠበቀ ነበር። ከዚያ ብዕሩን አውጥቶ፣ በሊቀመንበሩ ቤት ፎርኔሎ አልተገኘም ብሎ ጻፈ። እኔ ፈረምኩ።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ቀበሌውን ዞረ። ከዚያ በኋላ የገባንበት ቤት ሁሉ ገና በር ላይ ሳለን «በሞቴ» ይጠብቀናል። ሽሮ የቀመስንበት አለ፣ ዶሮ ያገኘንበት አለ፣ ሁሉም ትኩስ፣ ሁሉም ያለ ጭስ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል አይደል የሚባለው? ኮሚቴው ፍተሻውን ሲጨርስ ቀበቶውን አላልቶ ነበር። በቀበሌያችን አንድም ፎርኔሎ እንዳልተገኘ ሪፖርት ቀረበ።

ሪፖርቱ ከላይ ያሉትን ደስ አሰኛቸው። ከከተማው በኃይል ቁጠባ አንደኛ ተብለን ልንሸለም ሆነ። ለሽልማቱ ቀን እንግዶች ስለሚመጡ እያንዳንዷ እመቤት አንድ አንድ ድስት ወጥ ሠርታ እንድታመጣ ቀበሌው አዘዘ። በምን እንደምትሠራው አልተጠየቀም፤ ፎርኔሎ እንደሆን የለም ተብሎ ተመስክሯል። በዕለቱ ከቀትር በኋላ አዳራሹ ሞላ። የክብር እንግዳው ምስክር ወረቀቱን ሰጡኝና ወደ ድምፅ ማጉያው ዞረው፣ ይህ ቀበሌ ለሌሎች ሁሉ ብለው ሳይጨርሱ ድምፅ ማጉያው ዝም አለ። በየቤቱ የሌለው ፎርኔሎ ሁሉ ባንድ ጊዜ ተጥዶ መስመሩን አቃጥሎት ነበር። ካድሬው አሻጥር ነው አለ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ሴቶቹም ግማሽ ጥሬ ወጥ ይዘው መጡ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ወረቀቴን ይዤ ቤት ስገባ ፎርኔሎው ቀዝቅዟል። ፎርኔሎው በቀበሌው ወጥ ተይዞ ስለዋለ አያ ጫቅሉ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም፣ ፊታቸው አመድ መስሏል። ደነገጥኩ፣ አፈርኩም። ጥሩወርቅ ከአባቷ አገር ከመጡ ገበያተኞች ኩበት ለምና በጓሮ ምድጃ ደርድራለች። ጭድ የለም፣ ላምባ የለም፣ ኩበቱ አልያዝ አለ። ሽማግሌው መጥተው አጠገቤ ቆሙ፤ መስመሩ መቃጠሉን ነገርኳቸው።

«አሁን ገና ቆጠባችሁ» አሉኝ። ከዚያ ምስክር ወረቀቱን ከእጄ ወስደው በጣታቸው ዳሰሱና፣ ደረቅ ነው፣ ይበጃል አሉ።

እና በማኅተሙ በኩል ለኮሱት፤ ኩበቱ ያዘ፣ አጥሚቱም ፈላ። ምስክር ወረቀት አይበላም የሚል ሰው አለ? እኛ ቤት በትኩሱ ተጠጥቷል።