አባቴ ቢላዋውን ሲሰጠኝ

ወገኖች፣ ዛሬ በገና ምድር የደረሰብኝን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ይሄን ፖስት የምጽፈው በአንድ እጄ ነው፤ የፊደል ስህተት ካያችሁ ዝም ብላችሁ እለፉ።

የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ነኝ። ደም እፈራለሁ።

ቤተሰቤ ይሄን አያውቅም ነበር። ቁስቋም ባለው ቤታችን በየገናው በግ የሚያርደው አባቴ ነው። እኔ ቪዲዮ አንሺ ነኝ። ዐይኔን ጨፍኜ ነው የማነሳው።

አባቴን ግን ክረምት ላይ ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁ አይታዘዝለትም።

ዛሬ ጠዋት እናቴ ቁሌት እያማሰለች፣ በጉ ግቢ ታስሮ፣ አባቴ ቢላዋውን በግራ እጁ ይዞ መጣ።

«እንካ፣ ከእንግዲህ ያንተ ነው» አለኝ። ዐይኔን አላየኝም።

ደሙ ብቻ አይደለም ያስፈራኝ። ከተቀበልኩት፣ እጁ አይድንም ብዬ የፈረድኩበት መሰለኝ።

ተቀበልኩት። ምን ልበል?

ጎረቤታችን አያ ካሴ በጉን ጥለው እግሮቹን ያዙልኝ። አማተብኩ። ዐይኔን ጨፈንኩ። ቆረጥኩ።

ጣቴን!

ደሜን አየሁ፤ የቀረውን እናቴ ናት የነገረችኝ። እንደ ጆንያ ተዘረርኩ። አያ ካሴ በጉን ለቀው እኔን ያዙ። በጉ ተነስቶ የጓሮውን ጎመን ጀመረ።

ስነቃ አባቴ መሬት ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቴን ታቅፏል። ፊቱ አመድ መስሏል። በታመመበት ቀን እንኳ እንዲህ ፈርቶ አላየሁትም።

«ምነው ልጄ፣ ምነው ሳትነግረኝ?»

«አፍሬ ነዋ።»

ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ «እኔም እጄ ሲደነዝዝ አፍሬ እናትህን ሦስት ቀን ደብቄያት ነበር» አለኝ።

ሦስት ቀን። እስከ ዛሬ አላወቅንም ነበር።

ጤና ጣቢያ አራት ቦታ ተሰፋሁ። ነርሷ «በጉ ነው የወጋህ?» ስትል አባቴ ቀድሞኝ «አዎ፣ ክፉ በግ ነው» አላት።

ስንመለስ አያ ካሴ አርደው ጨርሰው፣ ጥብሱ ደርሶ ጠበቀን። አባቴ በግራ እጁ አጎረሰኝ። ነውር ነው ያለ የለም።

ከዚህ ምን ተማርኩ? ለፋሲካ ዶሮ ብቻ ይበቃናል ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ።

እናቴ ፋሻዬን አየት አድርጋ «ዶሮውንስ ማን ሊያርደው ነው?» አለች።

እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተ ሰፈር ዶሮ አርዶልኝ ምስጢር የሚጠብቅ ሰው አለ?