በእርዳታ የመጣሁ ዕለት

ትናንት ሌሊት በሕልሜ በእንጨት ሣጥን ታሽጌ በእርዳታ መጣሁ። ሣጥኑ ላይ በትልቁ «ይህ ጎን ወደ ላይ» ተብሎ ተጽፏል፤ ስለዚህ ዘቅዝቀው ነው የጫኑኝ። መንገዱን ሙሉ ደሜ ወደ አናቴ ወርዶ ተጠራቀመና በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጭንቅላቴ ሙሉ ሆኖ ተሰማኝ።

ሣጥኑ ሲከፈት ከተማው ሁሉ ማሽን ነው። እንደ ልቡ የሚሄድ ሰው የሚባል ነገር የለም። የእህል ወፍጮው ጋቢ ለብሶ አደባባይ ቆሟል። የልብስ ስፌት መኪናዋ ጥላ ዘርግታ ከጎረቤቷ ካውያ ጋር ሰው ታማለች። ትራክተሩ ሁለት ገበሬ ጠምዶ ከእርሻ እየተመለሰ ነው፤ አንደኛው ገበሬ ስለለገመ ጅራፍ ያሳየዋል።

የከተማው ሊቀ መንበር ድምፅ ማጉያ ነበር። ከላይ እስከ ታች አፍ ብቻ ነው፤ ጆሮ አልተሠራለትም። የተከበራችሁ ማሽኖች ብሎ ጀመረና፣ ስንጠብቀው የኖርነው ሰው ዛሬ በመካከላችን ተገኝቷል አለ። ተጨበጨበ።

ማሽኖቹ ሰው የለመኑት ወደው አይደለም። የከተማዋን ውሃ የምታወጣው አሮጊቷ ፓምፕ፣ እትዬ ብርቄ፣ ታማባቸው ነው። ጎሚኒ የሚሏት ቀለበት የምታህል ላስቲክ ተበልታባት፣ እጀታዋን ቢጫኗት አየር እንጂ ውሃ አትተፋም። ውሃ ከሌለ ደግሞ የማንም ራዲያተር አይበርድም። ጀኔሬተሩ ግሎ ግሎ ፈንድቶ ቀብረውታል። ወፍጮውም በጆሮው ጢስ ማውጣት ጀምሯል። እንግዲህ ጣት ያለው፣ ላስቲክ ቆርጦ ማስገባት የሚችል አንድ ሰው ላኩልን ብለው ለባዕድ አገር አመለከቱ። የተላክሁት እኔ ነኝ።

እኔ ሰባተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ጋር በስምምነት የተለያየን ሰው ነኝ። ጎሚኒ መቁረጥ ግን አያቅተኝም። እግሬ ላይ ያለው በረባሶ ራሱ የመኪና ጎማ ነው፤ ከተረከዙ ትንሽ ብቆርስለት ምሳ ሳይደርስ ሴትዮዋን አድናታለሁ። ይህንኑ ልናገር አፌን ስከፍት ሪባን ቆረጡብኝ። ሪባኑን አንገቴ ላይ አስረውት ስለነበር መቀሱ ጉሮሮዬን የሳተኝ ለጥቂት ነው።

ከምረቃው በኋላ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ተረከበኝ። ጋሼ ጓጉንቸር ይሉታል፤ ራሱም ጓጉንቸር ነው፣ አጭር፣ ወፍራም፣ አንገቱ የማይታጠፍ። ግንባሬ ላይ በቀይ ቀለም የንብረት ቁጥር ጻፈብኝ፤ ከአናቴ እስከ ጥፍሬ ላስቲክ አለበሰኝ፤ መጋዘን አስገባኝና በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ራሱን ቆለፈ።

«ጋሼ ጓጉንቸር፣ ፓምፗ እኮ ልትሞት ነው» አልኩት በበሩ ስንጥቅ።

«አውቃለሁ።»

«እኔን ያስመጣችሁኝ እሷን እንድሠራ አይደለም?»

«ነው።»

«ታዲያ?»

«ወጥተህ ብትሰበርስ? እኔ የፈረምኩት ባንተ ነው እንጂ በሷ አይደለም።»

ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ መደርደሪያው ሁሉ በሰው የተሞላ ሆኖ አገኘሁት። ሐኪሙ ከነላስቲኩ፣ የሒሳብ መምህሩ ከነላስቲኩ፣ አዋላጇ ከነላስቲኳ ተደርድረዋል። አጠገቤ የተቀመጠው መሐንዲስ ፂሙ አድጎ አድጎ ላስቲኩን ሞልቶ በግርጌ ወጥቷል። መቼ እንደመጣ ብጠይቀው ዘመኑን ረስቶታል። በየዓመቱ መመረቁን ግን ያስታውሳል። እንግዳ ሲመጣ አውጥተው ይወለውሉታል፣ እንግዳው ይጨብጠዋል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይመለሳል። አንድም ቀን አልተሠራበትም።

«እየኝ እስቲ» አለኝ በኩራት። «ጭረት አለብኝ?»

የመጋዘኑ መስኮት ፍርግርግ ነበር፤ ማዶ ትምህርት ቤቱ ይታያል። በየዴስኩ ፕላዝማ ቴሌቪዥኖች ተጣብበው ተቀምጠዋል። ግድግዳው ላይ ደግሞ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በዩኒፎርሟ ኮሌታ ምስማር ላይ ተሰቅላ ታስተምራለች። ሳትተነፍስ ነው የምታወራው፤ በምን ቋንቋ እንደሆነ እነሱም እኔም አላወቅንም። አሁን ሥሩ ትላቸዋለች፤ እርሳስ ሳያነሡ ጊዜው አበቃ፣ ጎበዞች ናችሁ ትላለች። ከኋላ አንድ አሮጌ ቴሌቪዥን አንቴናውን አውጥቶ አልገባኝም አለ። ልጅቷ ፈገግ ብላ በጣም ጥሩ አለችውና ወደሚቀጥለው ምዕራፍ አለፈች። ትንሽ ቆይቶ መብራት ሄደባት። ዓይኗ ተከደነ፣ አንገቷ ዘንበል አለ። ክፍሉ በሙሉ ተመረቀ።

ወዲያው እትዬ ብርቄን በቃሬዛ ሲወስዷት አየሁ። ኮሚቴ ተቋቁሞ ሕመሟን አጥንቶ፣ የሴትዮዋ ችግር የክህሎት ክፍተት ነው ብሏል አሉ። ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል ወስደው ስለ ውሃ አሠለጠኗት። ፕሮጀክተሩ ግድግዳው ላይ ሰማያዊ ቀስት እያበራ ውሃ ከታች ወደ ላይ እንደሚወጣ ሲያብራራ፣ እሷ ጎሚኒዬስ ብላ ጠየቀች። ጥያቄ በመጨረሻ ነው ተባለች። መጨረሻው ምሳ ሆነ። ስትመለስ ውሃ ለማውጣት ብቁ መሆኗን የሚመሰክር፣ መስተዋት የገባለት ትልቅ ወረቀት አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

ድምፅ ማጉያው የውሃው ችግር መፈታቱን አወጀ። ከተማው አጨበጨበ። ወፍጮው ከሁሉም በላይ አጨበጨበና በዚያው እሳት ተነሣበት። ባልዲ እየያዙ ወደ እትዬ ብርቄ ሮጡ። ከነምስክር ወረቀቷ እጀታዋን ተጫኗት፤ የወጣው ሳል ብቻ ነው። ቢጨንቃቸው በአፈር አጠፉት። አፈሩንም ማንሣት ሳያስፈልግ ቀብሩን እዚያው ጨረሱ።

ከቀብር መልስ እትዬ ብርቄ እያነከሰች መስኮቴ ሥር መጣች። ብረቷ ከመጋሉ የተነሣ ዝንብ አያርፍባትም።

«ልጄ» አለችኝ፤ በቃልና በቃል መሃል አየር ትውጣለች። «ጎሚኒዬ እኮ ነው። ሌላ በሽታ የለብኝም።»

«አውቃለሁ እትዬ። ከበረባሶዬ ቆርሼ አስገባልሽ ነበር፤ እጄ አይደርስም እንጂ።»

«እንግዲያው ይቺን ወረቀት እንኳ አውልቅልኝ። አንገቴን ቆረጠችኝ።»

ወረቀቷም ጋ እጄ አልደረሰም። ሴትዮዋ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ከዚህ ወዲያ እንደማትነሣ ሁለታችንም አውቀነዋል።

ደግነቱ ተንኮል ላስቲክ አያግደውም። ጋሼ ጓጉንቸርን ጠራሁት።

«ጋሼ፣ እንግዶች መጡ።»

«የታሉ?»

«እትዬ ብርቄ ጋ ቆመዋል። ባለ ኮት ናቸው። ካሜራም ይዘዋል።»

ካሜራ የሚለውን ሲሰማ ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ላስቲኬን ገፈፈ፣ ፊቴን በዘይት ጨርቅ ወለወለ፣ ግንባሬ ላይ የደበዘዘውን ቁጥር አደመቀና ፈገግ በል አለኝ። መሐንዲሱን ና አብረን እንሂድ ብዬ ብጠራው፣ እንግዳው እዚህ ድረስ መጥቶ ካልጨበጠኝ ከመደርደሪያዬ አልወርድም አለ። ትቼው ፈገግ እንዳልኩ ሮጥኩ።

ቢላዋ አልነበረኝም። በረባሶዬን አውልቄ በጥርሴ ነከስኩት፤ ሕልም ነውና እንደ ድፎ ዳቦ ተቆረሰልኝ። እትዬ ብርቄ ክዳኗን ከፈተችልኝ። እጄን እስከ ክርኔ ሰድጄ አሮጌዋን ላስቲክ አወጣሁ፣ አዲሷን አጠለቅሁ፣ እጀታዋን ተጫንኩት። መጀመሪያ አየር። ደግሜ ተጫንኩት። ሆዷ ጉርር አለ። ከዚያ ከሩቅ፣ ከመሬቱ ሥር፣ አንድ ነገር ሽቅብ መሮጥ ጀመረ። ስፌት መኪናዋ ጥላዋን ጣለች። ትራክተሩ ገበሬዎቹን ፈትቶ ራዲያተሩን ከፍቶ ተሰለፈ።

«መጣ፣ ልጄ። መጣ» አለች እትዬ ብርቄ።

ድምፅ ማጉያው ክሬኖች አስከትሎ የደረሰው ያን ጊዜ ነው።

«ሳይመረቅ ማን ፈቅዶ ነው ውሃ የሚወጣው?»

ክሬኖቹ በብብቴ ይዘው ሰቀሉኝ። ጋሼ ጓጉንቸር ከታች ሆኖ ያለቅሳል፤ ንብረቱ አንድ እግሩ ባዶ ሆኗል፣ አፉም ጎማ ጎማ ይሸታል፣ እንዲህ ሆኖ እንዴት አድርጌ አስረክበዋለሁ ይላል። ድምፅ ማጉያው ሪባን እስኪገዛ ድረስ ውሃው ባለበት ይቁም ብሎ አዘዘ። ውሃውም የመንግሥት ሠራተኛ ይመስል ቀጥ አለ፤ ከእትዬ ብርቄ አፍ ገብቶ ከከንፈሯ አንድ ጣት ሲቀረው። ጉንጯ ተነፍቶ፣ ዓይኗ ፈጦ ወደ ላይ አየችኝ።

«ልጄ፣ ልዋጠው ወይስ ልትፋው?»

ትፊው እትዬ፣ ትፊው እያልኩ ስጮህ ባነንኩ።

ነግቷል። ሚስቴ ይታክቱ ራስጌዬ ቆማ ሁለት ባዶ ጄሪካን ታጋጫለች። ውጭ ሰው ይተራመሳል።

«ተነሥ እንጂ አንተ ሰውዬ። ለአዲሱ ቧንቧ አገሩ ወጥቶ አንተ ብቻ ቀረህ።»

ልቤ ዘለለች። ቧንቧው ከተተከለ ወዲህ ነፋስ ሲያፏጭበት እንጂ ሲንጠባጠብ አይቼው አላውቅም። ውሃ መጣ እንዴ ብዬ ብርድ ልብሱን ወረወርኩ።

«የምን ውሃ? እንግዶች ናቸው የሚመጡት። ከወንዝ እየቀዳችሁ ታንከሩን ሙሉና ሲከፍቱት ይውረድላቸው ተብለናል።»

ወንዙ ገደሉ ሥር ነው፤ ታንከሩ ጉብታው ላይ። እሺ እንሙላው፣ ከተከፈተ በኋላ እኛ ምን እንጠጣለን አልኳት። አንዱን ጄሪካን ደረቴ ላይ ጣለችና ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረች።

«ቶሎ በል» አለች ከበሩ። «እልልታውን ትናንት ተለማምደነዋል፤ የቀረው ውሃው ነው።»