የሐጂ ሰዒድ የጽድ ፎቅ

የዘንድሮ ሰው ብሎኬት ካልተደረደረለት ቤት ያለው አይመስለውም። ቀለሙ ሳይደርቅ የተሰነጠቀ ግንብ ሲያይ «ዘመናዊ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ እንጨትና ጭቃ ሲያይ ግን «ይኼ መቼ ነው የሚፈርሰው?» ይላል። እኔስ ምን ለየኝ? ሰበታ መጥቼ የሐጂ ሰዒድን ፎቅ እስክከራይ ድረስ እንደዚያው ነበርኩ።

ፎቅ ስላችሁ ሊፍት እንዳትጠብቁ። ከጅማ መንገድ ገባ ብሎ የቆመ፣ ከእግር እስከ ራሱ በጽድ ተሠርቶ ጭቃ የተመረገ አሮጌ ባለ አንድ ደርብ ቤት ነው። ታች የሐጂ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ፣ ላይ እኔና ባለቤቴ አልማዝ። የሰገነቱ እንጨት እንደ ቀሚስ ጥልፍ ተፈልፍሏል። እዚያ ቆሞ መንገዱን ቁልቁል ማየትን የመሰለ ሹመት የት ይገኛል?

ምን ያደርጋል! የሐጂ ልጅ ጀማል ቤቱን አፍርሶ ግንብ ሊያቆም ቆርጧል። አባቱ ዝም፤ እኛ ደግሞ የት እንደምንገባ ጨንቆናል። እኔ ቴሌቪዥን ግድግዳ ላይ ልሰቅል የተነሣሁት በዚህ መሀል ነው። አልማዝ «ሊፈርስ ነው በተባለ ቤት?» ብትለኝ፣ «እስኪፈርስ ምን እንይ?» አልኳት።

የመጀመሪያው ምስማር ጽዱን ሲነካ ተጣጠፈ። ሌላው ተስፈንጥሮ አልጋ ሥር ገባ። እልህ ያዘኝ። ፈቀቅ ብዬ ባለ በሌለ ኃይሌ ስመታ፣ በር የሚያህል ጭቃ ከነልስኑ ዘጭ! ሐጂና ጀማል ደረጃውን እየሮጡ ወጡ።

«ሐጂ፣ አፉ ይበሉኝ» ብል ማን ሰምቶኝ። ሐጂ የሚያዩት ግድግዳውን ነው። አቧራው ሲረግብ የቤቱ አጽም ወለል ብሎ ታየ፤ ቀጥ ያሉ ቋሚዎች፣ አግድም የተኙ ማገሮች፣ ሁሉም በቆዳ ጠፍር የታሰሩ። አንድ ምስማር የለ፣ አንድ ምስጥ የቀመሰው እንጨት የለ!

ሐጂ ቋሚውን እየዳበሱ አወሩን። እንጨቱን አባታቸው በበሬ አስጎትተው ነው ያመጡት። አናጢው ኦቦ ቶላ ጠፍሩን እርጥቡን ያስረው ነበር፤ ሲደርቅ እንጨቱን ጨምድዶ ይይዛል። «ጭቃውን ከእናቴ ጋር ሆኜ በእግሬ የረገጥኩት እኔ ነኝ» አሉ።

«አባ፣ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?» አለ ጀማል።

«መቼ ጠየቅከኝ?»

ይቺን ክፍተት እንዴት ልለፋት? ጉሮሮዬን ጠርጌ ስብከቴን ጀመርኩ። ብርድ ሲሆን የሚሞቅ፣ ሐሩር ሲሆን የሚቀዘቅዝ እንዲህ ያለ ቤት ዛሬ ማን ይሠራል? ግንብማ ሰፈሩ ሁሉ አለው አልኩት። ደግሞም ከልቤ ነበር። ጀማል መዳፉን ቋሚው ላይ አሳርፎ ቆየና፣ ደረጃውን ወረደ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ «አካም ጅርቱ፣ ጋሼ!» እያለ፣ ፊቱ በርቶ ተመለሰ። «አሳምነውኛል። ቤቱ አይፈርስም!»

አልማዝ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔም ቤቱን ራሴ ያቆምኩት ያህል ደረቴን ነፋሁ።

«እውነትዎን ነው» ብሎ ቀጠለ ጀማል፣ «እንዲህ ያለ ቤት እያለኝ የት እሄዳለሁ? ሠርጌ ደርሷል፤ ከሙሽራዬ ጋር እዚሁ ላይ ልንገባ ነው። በዚህ ወር መጨረሻ ብትለቁልን?»